ፕራቶን ማን ገደላት? የአንዲት የጣሊያን የሱፍ ከተማ ክር፣ ከመክፈቻው እስከ መልስ 33

የመክፈቻው ጽሑፍ

የምኖረው ጣሊያን አገር ፕራቶ ከተማ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ አሮጌ ሹራብና ካፖርት በዓይነትና በቀለም መለየት ነው። ባለፈው እሑድ ከሚላኖ የመጣ ያገሬ ሰው ነበር፤ ከተማውን ላሳየው ቪያ ፒስቶየዜ በሚባለው መንገድ ይዤው ስሄድ በቻይንኛ የተጻፉትን የሱቅ ሰሌዳዎች አየና ይህችን ከተማ የገደሏት ቻይናዎች መሆናቸውን ነገረኝ። መልስ ሳልሰጠው የባቡሩ ሰዓት ደረሰ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ።

በእኔ ዓይን ፕራቶ አልሞተችም፤ ለደረሰባት ጉዳትም አንድ ሕዝብ ብቻ አይጠየቅም። ሁለት መቶ ዓመት በማይሞላው የሱፍ ታሪኳ የኖረችው ሌላው አገር በጣለው ልብስና ከሌላ ቦታ በመጣ ሰው ጉልበት ነው። ትናንት የደቡብ ጣሊያን ገበሬ፣ ዛሬ ቻይናዊው፣ ፓኪስታናዊው፣ እኔም ጭምር። የሚያሳስበኝ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሲሄድ ሠራተኛው ሲጎዳ ተጠያቂው የሚጠፋ መሆኑ ነው። ጣሊያን ፋብሪካ የሠራችሁ፣ ታሪኩን የምታውቁ፣ የምታርሙኝ ካለ አርሙኝ።

በዚህ ጽሑፍ ሥር የተከፈተው የውይይት ክር ሦስት ሳምንት ቆየ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከየት እንደሚጀምሩ ስለሚጠይቁኝ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ሰላምታና ምስጋና ብቻ የያዙትን ዘልያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1

ከቦሎኛ የሚጽፍ ወንድም በትሕትና ጀመረው። ወደ ፊሬንዜ ሲመላለስ ስሟን በባቡር መስኮት ከማንበብ በቀር ወርዶ አይቷት እንደማያውቅ፣ ሁልጊዜም የፊሬንዜ ዳርቻ ሰፈር ትመስለው እንደነበር ጻፈ። ከተማዋ እዚያ ቦታ ላይ ለምን እንደተቀመጠች እንድነግረው ጠየቀኝ።

መልስ 2

ይህ የኔ ነው። ፕራቶ ከፊሬንዜ በስተሰሜን ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። 195,000 ያህል ሕዝብ ይዛ በመካከለኛው ጣሊያን ከሮማና ከፊሬንዜ ቀጥላ ሦስተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት፤ ከፊሬንዜ ተለይታ የራሷን አውራጃ ያገኘችው ግን በ1992 ነው። በምሥራቋ ካልቫና የሚባል ገላጣ ተራራ ይዘረጋል። በሌላው ወገን ሞንቴፌራቶ አለ፤ አረንጓዴ ድንጋይ የሚወጣው ከዚያ ነው። የካቴድራሏ ግድግዳ ጥለት እንደገባበት ሸማ ነጭና አረንጓዴ እየተፈራረቀ የተሠራው በዚያ ድንጋይ ነው።

ቦታዋን የወሰነላት ግን ቢዜንዚዮ የሚባለው ወንዝ ነው። ከአፔኒን ተራሮች በጠባብ ሸለቆ ወርዶ ሜዳው አፍ ላይ ሲደርስ፣ ሳንታ ሉቺያ ሰፈር ላይ ካቫልቾቶ የሚሉት አሮጌ ግድብ ይጠልፈዋል። ከዚያ ጎሬ በሚባሉ ቦዮች ተከፋፍሎ ሜዳውን ሁሉ ያዳርሳል። ውኃው ቁልቁል ሲወርድ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ በአንድ በኩል የእህል ወፍጮ፣ በሌላ በኩል የተሸመነ ሱፍ የሚወቅጥ ትልቅ የእንጨት መዶሻ ያንቀሳቅሳል። ከእነዚያ ቦዮች ብዙዎቹ ዛሬ በአስፋልት ሥር ናቸው። ዝናብ ከበረታ አንዳንድ ቦታ ድምፃቸው ይሰማል፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ቆም ብዬ እሰማቸዋለሁ።

መልስ 3

የመንዝ ልጅ መሆኑን የገለጸ ወንድም ስለ መዶሻው ሲያነብ አያቱ ትዝ እንዳሉት ጻፈ። እነሱ ዘንድ ሴቶች የበግ ጠጉር ፈትለው፣ ወንዶች ባናና ዝተት ሸምነው ሲጨርሱ፣ ጨርቁ በውኃ ተነክሮ በእግር ይረገጥ ነበር። ሲረገጥ ክሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ጨርቁ ይጠብቃል፣ ብርድም ዝናብም አያሳልፍም። ፕራቶ ላይ ወንዝ የሚሠራውን አያቱ በተረከዛቸው ይሠሩት እንደነበር ሲያስረዳ፣ እኔ ይህን ሥራ ስይዝ ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም ነበር።

መልስ 5

ሮማ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አረሙኝ፤ እርማታቸውም ትክክል ነው። የሱፍ ታሪኳ ሁለት መቶ ዓመት አይሞላም ያልኩት ስሕተት ነበር። ፕራቶ በመካከለኛው ዘመን ጨርቅ ሠርታ ወደ ውጭ የምትልክ ከተማ እንደነበረች ለማሳየት የፍራንቼስኮ ዳቲኒን ሕይወት ዘርዝረው አቀረቡ።

ዳቲኒ በ1335 አካባቢ እዚያው ተወለደ። በ1348 ታላቁ ወረርሽኝ ወላጆቹን ሲጨርስበት ገና ልጅ ነበር። ወደ አቪኞን ተሻገረ፤ ጳጳሱ በዚያን ጊዜ የሚቀመጡት እዚያ ስለነበር ንግዱ የጦፈ ነው። የጦር ልብስም ጨርቅም እየነገደ ከብሮ በ1383 መጀመሪያ ላይ ወደ ፕራቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በፊሬንዜ፣ በፒሳ፣ በጄኖቫ፣ በባርሴሎና፣ በቫሌንሲያና በማዮርካ ቤት ከፈተ። ሱፍ ከእንግሊዝና ከባሌአሪክ ደሴቶች አስመጥቶ ፕራቶ ላይ አስፈትሎ አስሸምኖ መልሶ በባሕር ይልከዋል። በ1410 ሲሞት ሀብቱን ለከተማዋ ድሆች ተናዘዘ። የጻፋቸውና የተቀበላቸው 150,000 ያህል ደብዳቤዎች ከሂሳብ መዝገቦቹ ጋር በ19ኛው ክፍለ ዘመን እቤቱ ውስጥ ተገኙ። አንድ ጥቅል ሱፍ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ በስንት እንደተሸጠ ዛሬ መከተል የተቻለው በእነዚያ ወረቀቶች ነው።

መምህሩ በዚህ አላበቁም። ፊሬንዜ ፕራቶን በ1351 ከናፖሊ ንግሥት በ17,500 ፍሎሪን እንደገዛቻትም አስታወሱን። የፕራቶ ሰው እስከ ዛሬ ከፊሬንዜ ጋር ሲነጻጸር የሚከፋው ለምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ራሴ መልስ 1ን ሳነብ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

መልስ 6

አንዲት እህት ክሩን ወደ ሌላ ወሰደችው። ስለ ካቴድራሉ ጥለት ካነበበች በኋላ የእመቤታችን መታጠቂያ ፕራቶ አለ ሲባል መስማቷን ጽፋ እውነት መሆኑን ጠየቀች።

መልስ 7

ከፍራንክፈርት የሚጽፍ ዲያቆን ሰፋ አድርጎ መለሰላት። በፕራቶ ታሪክ ሐዋርያው ቶማስ እመቤታችን ስታርግ ደርሶ መታጠቂያዋን ተቀበለ፤ ብዙ ዘመን አልፎ ሚኬሌ የሚባል የከተማዋ ሰው በ1141 አካባቢ ከኢየሩሳሌም ይዞት መጣ። በእኛ ቤተ ክርስቲያንም ቶማስ በደመና ተጭኖ ሲመጣ በአየር ላይ አግኝቷት ሰበኗን ሰጠችው። ካህናት በመስቀላቸው ላይ የሚያስሯት ጨርቅም የዚያ ምልክት ናት። እኛ ሰበን የምንለውን እነሱ መታጠቂያ ይሉታል፤ ቶማስና ዕርገቷ ግን አንድ ናቸው።

እኔ የማውቀውን ጨመርኩበት። መታጠቂያው ወርቀ ዘቦ የገባበት ስስ አረንጓዴማ ጨርቅ ነው። በዓመት አምስት ጊዜ ለሕዝብ ይወጣል፦ በፋሲካ፣ በሜይ 1፣ በኦገስት 15፣ በሴፕቴምበር 8 እና በገና። ለዚሁ ሥርዓት ሲባል ዶናቴሎና ሚኬሎዞ የተባሉ ቀራጮች ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ የእምነበረድ ሰገነት ሠርተዋል። አሁን ውጭ ያለው ቅጂው ነው፤ ዋናው ሙዚየም ገብቷል። ሴፕቴምበር 8 አደባባዩ ጢም ይላል። የጨርቅ ከተማ ከሁሉ አብልጣ የምታከብረው አንዲት ቁራጭ ጨርቅ መሆኗን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

መልስ 8 እና 9

መልስ 8 ሻካራ ነበር። ጸሐፊው ስለ ኢኮኖሚ ሊያነብ ገብቶ የንዋየ ቅድሳት ክርክር እንዳገኘ ገለጸ፤ ሶርያ ውስጥ ሆምስ፣ ግሪክ ውስጥም የቫቶፔዲ ገዳም የእመቤታችን መታጠቂያ አለን ስለሚሉ ሦስቱም እውነት ሊሆኑ እንደማይችሉ ቆጠረልን። ዲያቆኑ በመልስ 9 አልተቆጣም። የሌሎቹን ቦታዎች እንደሚያውቅ፣ ለመከራከር ሳይሆን ለተጠየቀው ለመመለስ እንደጻፈ አስረድቶ ወጣ። ተመልሶ ባለመምጣቱ አዝኛለሁ።

መልስ 11

ስለ ቡትቶው በዝርዝር እንድጽፍ ሦስት ሰዎች ስለጠየቁኝ ይህን ረዘም አድርጌ ጻፍኩት።

አሮጌ ሱፍ በመሣሪያ ዘንጥሎ እንደገና ክር የማድረግ ሥራ በ1813 እንግሊዝ አገር ዮርክሸር ውስጥ ባትሊ ላይ ተጀመረ። ፕራቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያዘችው። የፊሬንዜ ባቡር በ1848 ደርሶላት ነበር፤ የሊቮርኖ ወደብም ቅርብ ነው። አሜሪካና አውሮፓ የለበሱትን ሲጥሉ ወደዚህ መጣ። እዚህ ቼንቻዮሎ የሚባሉት ሰዎች የእኛ አገር ልዋጮች ማለት ናቸው፤ ልዩነቱ በየደጃፉ ከመዞር ይልቅ ቦንዳ በመርከብ ማስጫናቸው ነው።

ጠዋት ቦንዳው ይፈታል። አዝራር፣ ዚፕና ገበር በቢላ ይነሣል። ቀጥሎ መለየት ነው፤ ጥሩ ለዪ መለያ ወረቀት አያነብም፣ በጣቱ ነው የሚያውቀው። ካሽሚር ሲነኩት እንደ ሕፃን ፀጉር ይንሸራተታል። ንጹሕ ሱፍ ጨበጥ አድርገው ሲለቁት ይነሣል፣ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን ይጮኻል፤ ሁለት ጣት መካከል ሲታሽ የሚያሰማው ድምፅ አለው። ካልተረጋገጠልን አንድ ክር መዝዘን እናነደዋለን። ሱፍ እንደተቃጠለ ጠጉር ሸትቶ ዱቄት ሲሆን አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጠጠር ይሆናል።

ከዚያ ቀለም ይለያል። ቀይ ብሎ ነገር የለም፤ የወይን ጠጅ ቀይ፣ የጡብ ቀይ፣ የበርበሬ ቀይ አለ። ይህ ሁሉ ድካም አንድ ምክንያት አለው። በቀለሙ የተለየ ሱፍ ተዘንጥሎ፣ ተባዝቶ፣ ተፈትሎ ሲወጣ የራሱን ቀለም ይዞ ስለሚወጣ እንደገና ማቅለም አያስፈልግም። ውኃውም፣ ኬሚካሉም፣ ማሞቂያውም ይቀራል። ጥጥ የተቀላቀለበት ከሆነ አሲድ ውስጥ አልፎ ይሞቃል፤ ጥጡ ተቃጥሎ ይረግፋል፣ ሱፉ ይቀራል። የፕራቶ ሰዎች ይህን ሱፍ የመሣሪያ ሱፍ ብለው ይጠሩታል። ድሮ የድሃ ሱፍ ተብሎ ይደበቅ ነበር፤ ዛሬ ቢያንስ 65 በመቶው ከአሮጌ ልብስ ለመጣ ጨርቅ የከተማዋ የንግድ ምክር ቤት ያወጣው ልዩ ምልክት አለ፤ ገዢውም ምልክቱን ይፈልገዋል።

መልስ 12

መርካቶ ሰልባጅ የሚሸጥ ወንድም ቦንዳዎቹ አንድ መሆናቸውን ጠየቀ። አሮጌ ልብስ ማስገባት አገር ቤት የተከለከለ ስለሆነ እሱ ዘንድ በስንት ዙር ጥምጥም እንደሚደርስ፣ ዋጋው ለምን እንደሚወጣም አስረዳ። ምንጩ ብዙ ጊዜ አንድ መሆኑን መለስኩለት። የሚለበሰው ተመርጦ ለሻጭ ይሄዳል፤ የተቀደደውና የተበላው ዘንጣዩ መሣሪያ ውስጥ ይገባል። እሱ እጅ የሚደርሰው ከእኛ ጠረጴዛ የተረፈው ሳይሆን እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት የተመረጠው ነው።

መልስ 14

ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ወንድም ክሩን ወደ ጥያቄው መለሰው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፕራቶ ትላልቅ ፋብሪካዎች ገበያ ሲያጡ ሠራተኛ አባረሩ፤ የሽመና መሣሪያቸውን ግን ለተባረሩት ሠራተኞች እየሸጡና እያከራዩ በትንሽ በትንሹ በተኑት። ሸማኔው መሣሪያውን ምድር ቤቱ ውስጥ ተከለ። አንዱ ይዘነጥላል፣ አንዱ ይፈትላል፣ ሌላው ድር ያዘጋጃል፣ ሌላው ይሸምናል፣ ሌላው ያቀልማል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ኢምፓናቶሬ የሚባለው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ፋብሪካ የለውም፣ ጨርቁን አስቦ፣ ገዢ አግኝቶ፣ ሥራውን ያከፋፍላል። በ1951 78,000 ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1971 143,000 ገደማ የደረሰው በዚህ አሠራር ነው፤ ከደቡብ ጣሊያን ሰው ጎርፎ ገባ።

ይህን አሠራር ለዓለም ምሁራን ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጃኮሞ ቤካቲኒ ነው። የእንግሊዙ አልፍሬድ ማርሻል ስለ ኢንዱስትሪ ቀጠና የጻፈውን አንሥቶ ከ1979 ጀምሮ ስለ ትናንሽ ፋብሪካዎች ኅብረት ያስተማረው ፕራቶን ዋና ምሳሌ አድርጎ ነው። ወንድማችን እንደሚለው እዚህ ሀብቱ መሣሪያው ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤት ከጎረቤት መተማመኑ፣ ሙያው ከቤት ቤት መተላለፉ ነው።

መልስ 15

ቶሪኖ የምትኖር እህት በዚህ ተቆጣች። ጣሊያናዊት አማቷ ከፕራቶ ወጣ ባለ መንደር ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቷ ሥር በተተከለ የሽመና መሣሪያ ሃያ ዓመት ሠርታለች። ባሏ ቀን፣ እሷ ሌሊት። በሃምሳ ዓመቷ ጆሮዋ ደነቆረ። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት በዚያ ጩኸት ውስጥ ነበር። መምህራን መተማመን የሚሉት ነገር በቤተሰቡ ዘንድ እንቅልፍ ማጣት እንደነበር፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኢምፓናቶሬው ስልክ እንኳ እንዳላነሣ ጻፈች። መልስ 14ን የጻፈው ወንድም ይቅርታ ጠየቀ፤ የሷን ጽሑፍ ለተማሪዎቹ ሊያነብላቸው ፈቃድ ለመነ። ሰጠችው።

እኔ ከሁለቱም ወገን ነኝ። ቤካቲኒ ያየው እውነት ነው። አማቷ የሰማችውም፣ በኋላም መስማት ያቃታት፣ እውነት ነው።

መልስ 17፣ 18፣ 19

አንድ የአዲስ አበባ ወጣት በ1935 አገራችን ስትወረር ይህች ከተማ ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቀ። መልስ የሰጡት የሮማው መምህር ናቸው። የፕራቶ ፋብሪካዎች ለጣሊያን ጦር ጨርቅና ብርድ ልብስ ከሚያቀርቡት መካከል ነበሩ። ርካሽ ብርድ ልብስም ወደ ሕንድና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይልኩ ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር በኖቬምበር 18 ቀን 1935 ማዕቀቡን ሲጀምር የአባል አገሮች ገበያ ለጣሊያን ዕቃ ተዘጋ። ሙሶሊኒም አገሪቱ በራሷ ጨርቅ ትልበስ ብሎ ተነሣ፤ ከወተት የሚሠራ ላኒታል የተባለ ሰው ሠራሽ ሱፍ እስከ መልበስ ተደረሰ። በዚህ ዘመቻ መካከል የፕራቶ የቡትቶ ሱፍ የአገር ፍቅር ልብስ ተባለ።

መልስ 19 በቀጥታ ወደ እኔ ነበር። አያቶቻችንን ለወጋ ጦር ያለበሰች ከተማ ማመስገኔ እንደሚያሳፍር ገልጾ፣ እዚያ ለመኖርም እንዴት እንደቻልኩ ጠየቀኝ። ቁጣውን አልነቅፍም። የእኔም አያት አርበኛ ነበሩ።

መልስ 20

መምህሩ በጨዋነት ገቡ። በማርች 1944 የፕራቶ ሠራተኞች በናዚና በፋሺስት አገዛዝ ሥር ሥራ አቆሙ። ለዚያ ቅጣት ከከተማዋና ከአካባቢዋ 133 ሰዎች ተይዘው ኦስትሪያ ውስጥ ወደነበሩት የናዚ ማጎሪያዎች፣ ወደ ማውትሃውዘንና ወደ ኤበንዜ ካምፕ፣ ተላኩ፤ የተመለሱት ሃያ አይሞሉም። በሴፕቴምበር 6 ቀን 1944 ደግሞ ከተማዋ ነጻ ልትወጣ ሰዓታት ሲቀሯት ፊሊኔ መንደር ላይ 29 የደፈጣ ተዋጊዎች ተሰቀሉ። ፕራቶ በ1987 ከኤበንዜ ጋር እህትማማች ከተማ ሆነች። ለጦሩ የሸመነውና በካምፑ የሞተው አንዳንዴ አንድ ሰው ሊሆን እንደሚችል መምህሩ አሳሰቡ። መልስ 19ን የጻፈው ወንድም ሌላ አልጻፈም።

መልስ 21

የሚላኖው እንግዳዬ ራሱ መጣ። ክሩን ሰው ልኮለት ማንበቡን፣ ስሙ ባይነሣም መሸማቀቁን ጻፈ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ቻይና በ2001 መጨረሻ የዓለም ንግድ ድርጅት ስትገባና የጨርቅ ኮታ በ2005 ሲነሣ ፕራቶ ውስጥ ስንት ፋብሪካ እንደተዘጋ ቁጠሩ አለ። በፌብሩዋሪ 2009 ሕዝቡ ረጅም ባንዲራ ተሸክሞ ከተማዋ አትዘጋም እያለ ሰልፍ ወጥቷል። በዚያው ዓመት ከጦርነቱ ወዲህ ሲመርጥ የኖረውን የግራ ወገን ጥሎ የጨርቅ ነጋዴውን ሮቤርቶ ቼኒን ከንቲባ አድርጓል። ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ ነው ወይ የሚል ነበር ጥያቄው። ተገቢ ጥያቄ ነው።

መልስ 22

ቻይናዎች በሚያሠሩት መስፊያ ቤት ልብስ የምትተኩስ እህት፣ ከዚያው ከፕራቶ፣ ነጥቡን ያብራራችው እሷ ናት። ሁለት ሙያ መደባለቁን አስረዳች። የፕራቶ ጣሊያናዊ የሚሠራው ጨርቅ ነው፤ ከ1990 አካባቢ ጀምሮ ዌንዡ ከምትባል የቻይና ከተማ የመጡት ቻይናዎች የሚሠሩት የተሰፋ ልብስ ነው። መጀመሪያ ለጣሊያኖች ሹራብ እየሰፉ ገቡ፤ በኋላ የራሳቸውን ፈጣን ፋሽን አቋቋሙ። ሰኞ የታሰበ ቀሚስ ሐሙስ ማክሮሎቶ በሚባለው የፕራቶ የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ይሰቀላል፤ ከመላው አውሮፓ ነጋዴ መኪናውን ይዞ መጥቶ ይጭናል። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ከውጭ የገባ ነው፤ ስፌቱ ግን እዚህ ስለሆነ የጣሊያን ሥራ ተብሎ ይለጠፍበታል። ዛሬ ከከተማዋ ሕዝብ ከአሥሩ አንድ በላይ ቻይናዊ ነው።

የሱፍ ፋብሪካዎቹ ችግር የጀመረው ግን እነሱ ከመምጣታቸው በፊት፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ሰው መኪና ገዛ፣ ቤቱን አሞቀ፣ ከባድ ካፖርት ተወ። ይህን የነገሯት አብረዋት የሚሠሩ አሮጊት ጣሊያናዊት መሆናቸውን ጻፈች። የተዘጉትን አዳራሾች ለቻይናዎቹ በውድ ያከራዩት እነማን እንደሆኑም ጠየቀች፤ ባለቤቶቹ ጣሊያኖች ናቸው።

እንግዳዬ በመልስ 23 የቻይና ጠበቃ ሆናችኋል የሚል ኃይለ ቃል ወረወረ። እህታችን ጠበቃ አለመሆኗን፣ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ቆማ የምትተኩሰው እሷ መሆኗን መለሰችለት።

መልስ 24

ስለ እሳቱ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዲሴምበር 1 ቀን 2013፣ እሑድ ማለዳ፣ ማክሮሎቶ ውስጥ አንድ የመስፊያ አዳራሽ ተቃጠለ። ሰባት ቻይናውያን ሞቱ። ይሠሩም ይተኙም የነበረው እዚያው ነው፤ ከጨርቁ ክምር በላይ በስስ ግድግዳ የተከፋፈሉ ማደሪያዎች ነበሩ። መስኮቱ ፍርግርግ ብረት ነበረው። ከመሥሪያ ቤታችን ጭሱን ያየች ሴት እስከ ዛሬ እሑድ ጠዋት ስታወራ ድምፅዋ ይቀየራል።

አዳራሹ የጣሊያኖች፣ ሥራው የቻይናዎች፣ ልብሱን የሚሸጠው ሌላ አገር ያለ ሱቅ። እያንዳንዱ ጣቱን ወደሚቀጥለው ይቀስራል። መልስ 14 ላይ ያደነቅነው የመከፋፈል ሙያ፣ መልስ 15 ላይ ያዘንንላት አማት፣ እዚህ ቃጠሎ ላይ የሞቱት ሰባት ሰዎች፣ እኔ አንድ ገመድ ላይ ነው የማያቸው። የሚሸምነውና የሚሰፋው ሰው አሠሪው ማን እንደሆነ የማይታወቅበት ገመድ ነው።

መልስ 26

መልስ 14ን የጻፈው ወንድም ተመልሶ፣ ነገሩ የቻይና ብቻ እንዳይመስል፣ የሜይ 2021ን አደጋ አነሣ። ከፕራቶ አጠገብ ሞንቴሙርሎ ውስጥ፣ በጣሊያኖች ፋብሪካ፣ ትንሽ ልጅ ያላት የ22 ዓመት ወጣት ድር የሚያጠነጥን መሣሪያ ጎትቶ ገደላት። መከላከያ በሩ በሚገባው መንገድ አልሠራም ነበር። ከዚህ መልስ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

መልስ 27 እና 28

ከዚያ ወሬው ላላ። አንዱ የፕራቶን ለውዝ ያለበት ደረቅ ብስኩት አነሣ፤ አንቶኒዮ ማቴይ የሚባለው ቤት ከ1858 ጀምሮ እንደሚጋግረው ትክክል ነው፣ በቡና ነክሮ መብላትም ያስደስታል። ሌላው በ2016 ስለተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና አሜሪካ በ2022 መጀመሪያ ስላነሣችው የቀረጥ ነጻ ዕድል ረጅም ጽፎ፣ ራሱን የቻለ ክር ይከፈትለት ተብሎ ተስማማ።

መልስ 29

ስሙን ያልገለጸ ወንድም፣ ማቅለሚያ ቤት የሚሠራ፣ ስለ ሥራ ማቆም አድማዎቹ ጻፈ። በቅርብ ዓመታት ፓኪስታናውያንና አፍሪካውያን ሠራተኞች ደጃፍ ላይ ድንኳን ተክለው የሚጠይቁት በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን መሥራት ነው። ሕጉ ከድሮም የሚለውን ለማግኘት ብርድ ላይ ማደር እንዳለባቸው ጻፈ። እኔም የመጀመሪያውን ሥራዬን አነሣሁ። ውሉ ላይ 4 ሰዓት ተጽፎ 10 ሰዓት ሠርቼበታለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጣቴ ላይ የአቧራውን ቀለም ሳላስለቅቅ ተኝቻለሁ።

መልስ 31

ከቦሎኛ የመጀመሪያውን መልስ የጻፈው ወንድም፣ በዚህ መካከል ሄዶ ከተማዋን አይቷል። ካምፖልሚ የሚባለውን አሮጌ ፋብሪካ፣ አሁን የጨርቅ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት የሆነውን፣ ጎብኝቶ የጭስ ማውጫው ሥር መቀመጡን ጻፈ። ግድግዳዎች ላይ ያየውን የውኃ ምልክት ጠየቀኝ። በኖቬምበር 2 ቀን 2023 ሌሊት የጣለው ዝናብ ምልክት ነው አልኩት። ከካልቫናና ከሞንቴፌራቶ የሚወርዱት ትናንሽ ጅረቶች ሞልተው ፕራቶን፣ ሞንቴሙርሎንና ካምፒ ቢዜንዚዮን አጥለቀለቁ። ለወራት የተለየ ሱፍ ጭቃ ሆነ። እርጥብ ቦንዳ ሁለት ሰው አያነሣውም፤ ከቻይናው ሰፈር የመጡ ወጣቶች አካፋ ይዘው አብረውን ጠረጉ።

መልስ 33

የሚላኖው እንግዳዬ ለመጨረሻ ጊዜ ጻፈ። ስለ ክርክሩ ምንም አላነሣም። የእህቱ ልጅ በቅርቡ ጣሊያን መግባቱን፣ ሥራ እንደሌለው፣ ፕራቶ ውስጥ ይገኝለት እንደሆነ በአክብሮት ጠየቀኝ።

እንዲህ ስል መለስኩለት። ሥራ አለ፤ ይምጣ፣ እኔ ጋ ያርፋል። ከመፈረሙ በፊት ግን ሦስት ነገር ይይ። ውሉ ላይ የተጻፈው ሰዓት የሚሠራው ሰዓት መሆኑን ያረጋግጥ። የመሣሪያው መከላከያ ሲከፈት መሣሪያው የሚቆም መሆኑን በዓይኑ ይይ። የአዳራሹ የኋላ በር ከውስጥ ይከፈት እንደሆነ በእጁ ገፍቶ ይሞክረው። ወፍራም ሹራብ ይያዝ፤ እዚህ ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ብርቱ ነው።